አንድ ስም ለሁለት አባት

እኛ ሸለቆ ውስጥ ሰው ስሙን ከአባቱ ይወርሳል፤ የሚጠራው ግን ጎረቤት ባወጣለት ነው። ምን ይደረግ፣ ስሙ አራት አምስት ነው፣ ሰዉ ብዙ። መንደራችን ኩም ገርዊን ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ላይ ቆመህ «ጆን!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንገደኛ ዞር ይላል። ስለዚህ ጆን ዝናብ አለን፣ ሰማዩ ቢጠራም ባይጠራም ያማርራል። ዊል ሁለት ኮት አለን፣ አንዱ ለቀብር አንዱ ለሠርግ፣ ዕድሜ ልኩን ያንኑ ሁለቱን እየቀያየረ የኖረ። የመዝገቡ ስም የሚፈለገው ለጸሎት ቤቱና ለከሰል ጉድጓዱ ጸሐፊ ብቻ ነበር። የጎረቤታችን የሞርቪድ ሕይወት የተበላሸውም በዚሁ ነው። ጸሐፊው የሌላ አገር ሰው ነበር፤ የመዝገብ ስማችንን እንጂ እኛን አያውቅም።

አባቷ ኢቫን ሞርጋን ነው፤ በእኛ አጠራር ኢቫን ፉጨቱ። ከጉድጓዱ ወጥቶ ዳገቱን ሲወጣ ያፏጫል፤ ሚስቱ ማርጌድም ፉጨቱን ስትሰማ ነው የገላ መታጠቢያውን ውሃ ከምድጃ የምታወርደው። ከመሬት በታች ግን አፏጭቶ አያውቅም። እዚያ ማፏጨት ሞትን ስሙን ጠርቶ መጋበዝ መሆኑን ከእኛ ወገን የማያውቅ የለም። ከሱ ቤት ሦስት በር አልፎ ደግሞ ሌላ ኢቫን ሞርጋን አለ፤ እሱ ኢቫን ሰዓቱ ነው። ሰዓትስ የለውም። ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉት ግን ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ኮስተር ብሎ ይናገራል፤ አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆኖ አያውቅም። ሚስቱ ሌይሳ ትባላለች። አምስት ልጆች ነበሯቸው፤ ከነሱ አንዱ የስድስት ዓመቱ ኢድዋል ነው።

በ1908 ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉድጓዱ ፈነዳ። ማርጌድ ልብስ እያጠበች ነበር። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ተንጫጩ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቀና ብላ ስታይ ሰው የሚያወጣው የሚያወርደው ትልቁ መንኮራኩር ቆሟል። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። መንገዱ በሴት ተሞልቷል፣ አንዷም አታወራም። መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው ያለቀው። ገሚሱን እሳቱ፣ ገሚሱን ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው መርዘኛ አየር ፈጀው።

አስከሬን የሚያስቀምጡት አናጺዎቹ በሚሠሩበት ዳስ ውስጥ ነበር። ፊት የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ ባላቸውን የሚያውቁት በጫማው፣ በቀበቶው፣ በገዛ እጃቸው በጣፉት ልብስ ነው። በሦስተኛው ቀን ከአንዱ ሟች ኪስ ስም የተጫረበት የትንባሆ ቆርቆሮ ወጣና «ኢቫን ሞርጋን» ተብሎ ሁለቱም ሚስቶች ተጠሩ። ቀድማ የደረሰችው ሌይሳ ናት። አስከሬኑ ላይ ወደቀች፣ አንገቱን አቀፈች፣ እሪ ብላ አልላቀቅ አለች። ማርጌድ በኋላ ገብታ በእግሩ በኩል ቆመች። ጥቂት ቆይታ «የኔ አይደለም» አለችና ወጣች። ሌይሳ የታቀፈችውን ቀበረች።

በአሥረኛው ቀን እሳቱ አልጠፋ ሲል የጉድጓዱን ሰሜናዊ ክንፍ በጡብ ግንብ ዘጉት። አሥራ አንድ ሰው ከግንቡ ወዲያ ቀረ። ኢቫን ፉጨቱም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው ተባለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለሟቾቹ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ሆነ። ጸሐፊው ፊት ሁለት ዝርዝር አለ፤ የተቀበሩት መቶ ስምንት፣ ግንቡ የዋጣቸው አሥራ አንድ። ቢመለከት «ኢቫን ሞርጋን» እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። አሃ፣ ይኼ ሰውዬ መጀመሪያ ጠፍቶ ኋላ የተገኘ ነው አለና አንዱን ሰረዘው። በማስመሪያ ነው የሰረዘው አሉ፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። ወጣ ብሎ የመንገዱን ጠራጊ ቢጠይቅ እኮ «የትኛው ኢቫን?» ይለው ነበር። አልጠየቀም። ድንጋዩ በጸሎት ቤቱ መቃብር ደጃፍ፣ በመቶ አሥራ ስምንት ስም ቆመ።

እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን ለመናገር ምንም። ምረቃው ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ አንዱ ቀልደኛም «አንዱ ስም ለሁለት ይበቃቸዋል፤ ድሮስ በአንድ ብርጭቆ አይደል የሚጠጡት» ብሎ አሳቀ። ከቀልዱ በኋላ ሐሜቱ መጣ። ያን ሰሞን ሚስቱን ትቶ ወደ ባሕር ማዶ የሚሾልክ ባል ጥቂት አልነበረም። ሬሳው የለ፣ ስሙ የለ፣ ታዲያ ፉጨቱ ያን ቀን መግባቱን ማን አየ? ሳይገባ ቀርቶ ቢሆንስ? «ፉጨቱ እያፏጨ ሄደ» የምትል አባባል ተፈጠረች። አይ ሰው! ማርጌድ ይኼን ሁሉ እየሰማች አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሞርቪድ የተወለደችው አባቷ በሞተ በአራተኛው ወር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ፊደል ስትለይ ድንጋዩ ጋ ሄደች፣ በጣቷ እየተከተለች «ኢቫን ሞርጋን»ን አገኘችና «አባቴ!» አለች። ከኋላዋ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ «የኔ ነው፣ እጅሽን አንሺ» አላት። ኢድዋል ነበር። «የኔ ነው!» አለች። ገፈተራት፣ ነከሰችው፤ የጸሎት ቤቱ ጠባቂ ነው የገላገላቸው። ኢድዋል በንዴት አፉ ያመጣለትን ተናገረ፤ «ያንቺማ እያፏጨ ሄዷል» አላት። ቤቷ ገብታ ይኼን ለእናቷ ስትነግራት ማርጌድ ድንች እየላጠች ነበር። መላጡን አላቆመችም።

በማግስቱ ኢድዋል በሩን አንኳኩቶ፣ ከእናቱ ምጣድ የወጣ ዘቢብ ያለበት ቂጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። ይቅርታ አላለም፤ የእኛ ወንዶች ይቅርታ አያውቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጓደኛሞች ሆኑ፤ እስከ እርጅናቸው። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ስም ነክሶና ገፍትሮ ያገናኛቸው ሰዎች ናቸው።

ሞርቪድ አድጋ በሠራተኞቹ ማኅበር ሱቅ ክርና ጨርቅ ሻጭ ሆነች። ሊያገባት የጠየቃት አንድ ከሰል ቆፋሪ ነበረ፣ ደህና ሰው። «የማጥበው ሬሳ አልፈልግም» ብላ መለሰችው። ሰዉ ልበ ደረቅ አላት። ልቧ ግን አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ነው የቀረው፤ አባቷ አልሸሸም፣ ስሙ ድንጋዩ ላይ ይግባ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ስሞቹ ሲነበቡ የሱም ይነበብ። ሌላ ነገር ከእግዚአብሔር ለምና አታውቅም።

በ1938 ማርጌድ ታማ ተኛች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞርቪድ የበግ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣቻት ሳለ፣ እጇን ገፋ አደረገችና፦

«ተረከዙ አረንጓዴ ነበር» አለች።

«የምኑ?»

«የካልሲው። ግራጫው ክር አልቆብኝ በአረንጓዴ ነበር የጠቀምኩለት። ያን ጠዋት ስቆብኛል፣ ‹የጉድጓዱ አይጦች ይቀኑብኛል› ብሎ። ዳሱ ውስጥ ያለው እሱ ነበር፣ ልጄ። ሌይሳ የቀበረችው ያንቺን አባት ነው።»

ሞርቪድ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንገቱን አቅፋ ይዛዋለች። አምስት ልጅ በር ላይ ቆሟል። ከእቅፏ ልንጠቀው? ነገ የሷ ሲወጣ ቀስ ብለን እንለዋወጣለን ብዬ ነው። ነገ ነገ ስል ግንቡን ገነቡት። ከዚያ ወዲያማ እንዴት ብዬ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት» አለች።

በአራተኛው ቀን ሞተች። ሞርቪድ ከቀብሯ በተመለሰች በሳምንቱ የመታሰቢያው ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው ሚስተር ፓወል ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ወንበር ስበው አስቀመጧት። «ኢቫን ሞርጋን ተጽፏል እኮ። ምን ጎደለ?» አሏት። ሁለት እንደነበሩ ተናገረች። ኢድዋልም ተነሥቶ ሁለት ነበሩ ብሎ መሰከረ፤ በጊዜው ራሱ ጉድጓድ የሚወርድ ጎልማሳ ነበር፣ ስሞቹን በየዓመቱ የማንበቡም ሥራ የሱ ሆኗል። ሚስተር ፓወል ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙ። ሁለት ሰው መኖሩን አልክድም አሉ፤ ጥያቄው ሁለተኛው ያን ቀን መውረዱን ማን ያውቃል ነው። የሚወራውን ሰምታ ይሆናል፣ እሳቸው አያምኑትም፣ ነገር ግን ድንጋይ በወሬ አይጻፍም። ከዚያም ቀጥ ብለው አዩዋትና፦

«መውረዱን የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ?»

ማስረጃማ ነበራት። አንድ አረንጓዴ ተረከዝ። ያንን ለመናገር ግን ጥግ ላይ ቆቡን ጭኑ ላይ ይዞ በተቀመጠው ኢድዋል ፊት ነው የምትናገረው። ኢድዋል እሑድ እሑድ የአባቱን መቃብር ያርማል፣ በጸደይ ቢጫ አበባ ይተክላል፣ ሲጨንቀው እዚያ ሄዶ ያወራል። እናቱ ሌይሳም እዚያው ጎን ተቀብራለች። ከባዕድ ባል ጎን ተኝታለች ሊባል ነው፤ አባትህ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ያለቀስክለት የኔ ነው ሊባል ነው።

«የለኝም» አለች።

ወይ ነዶ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እዚህ ግን አንዱ ስሙን ለማግኘት የሌላውን መቃብር ማፍረስ ነበረበት። ሲወጡ ኢድዋል ተናደደባት። «ባዶ እጅሽን ሄደሽ ከፓወል ጋር ትከራከሪያለሽ? ቢያንስ አልቅሺ እንጂ፣ ፓወል እኮ እንባ አይችልም» አላት። ሳቀች። እሷም የእናቷ ልጅ ናት።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሄደ። ምን ይወራል፣ ሕይወት ነው። ጦርነት መጣ፣ ዳቦ በራሽን ሆነ፣ ጦርነቱ አለቀ። ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ክር የሚጠይቅ ሲመጣ ሌላዋ ሻጭ እንድታስተናግድ ታደርግ ነበር፤ ባልደረቦቿ አመል መስሏቸው ይስቁባታል። እሑድ እሑድ ከኢድዋል ጋር ወደ መቃብሩ ትሄዳለች፣ የአበባ ማጠጫውን ጣሳ ይዛ። ኢድዋል ለሰው ሁሉ «ሞርቪድ ደግ ናት፣ የራሷ መቃብር ስለሌላት የኔን ታግዘኛለች» ይላል። እሷ ደግሞ ውሃውን ቀስ አድርጋ፣ በእግሩ በኩል ታፈሳለች። በየዓመቱ ጥቅምት ኢድዋል ድንጋዩ ፊት ቆሞ ስሞቹን ያነባል። ያነባል ስል ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ ዓመታት አልፈውታል። በቃሉ ነው የሚወጣው። በላቲን ፊደል ተራ ከአቤል ይጀምርና ቶማስ ዋትኪን ላይ ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል፤ ሰዉም ያንን አይቶ ለሁለት ደቂቃ ጸጥታ ራሱን ይደፋል። መኩሪያው ነበር። እኛም እንኮራበት ነበር።

በ1969 ጉድጓዱ ተዘጋ። ዕቃው ሲወጣ፣ ፋኖስ ቤቱ ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ የወደቀ አሮጌ መዝገብ ተገኘ። ማንም ሰው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ቁጥር ያለው ፋኖስ ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል፤ ፋኖስ አዳዩ በመዝገብ ይይዛል። የ1908ቱ ፋኖስ አዳይ ሼንኪን የእኛው ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። የዚያ ማክሰኞ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ ኢቫን ሞርጋን ሰዓት፣ 212፣ አልተመለሰም። ከአሥራ ሁለት መስመር በታች፦ ኢቫን ሞርጋን ፉጨት፣ 340፣ አልተመለሰም።

ኢድዋል መዝገቡን በብብቱ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ከሰሉ ሳንባውን በልቶታል፣ በሦስት እርምጃ አንዴ ይቆማል። የሞርቪድ በር ላይ ሲደርስ መናገር አቅቶት በጣቱ ብቻ አሳያት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው ያላየውን እንባ አለቀሰች። «ወርዷል» አለች። «ወርዶ ነበር።» ኢድዋል ትንፋሹ ሲመለስ «እያፏጨ አይደለማ የሄደው» አለ፤ በልጅነቱ የወረወረባትን መልሶ መዋጡ ነበር።

ኮሚቴው በሁለት ዓመቱ ፈቀደ። ሁለት ዓመት! ሼንኪን የጻፈውን ለማመን ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በተራው ለማስገባት ቦታ ስለሌለ ስሙ ከሁሉ በታች፣ ከቶማስ ዋትኪን ሥር ተቀረጸ። ፊደሉ ከሌሎቹ ይልቅ ነጭ ነበር። ሞርቪድ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት ነው። ለሷ ግን መጻፉ ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ መጠራቱ ነው፤ ሐሜቱም በአፍ ነበርና የወጣው።

ሐኪሙ ኢድዋልን ከእንግዲህ ዳገት እንዳይወጣ ከልክሎታል። «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» አላት በዋዜማው ሻይ እየጠጡ። «አባቴን በተራው እጠራለሁ፣ ያንቺን መዝጊያ አደርገዋለሁ። ከዚያ ቢሞትም ይሞታል።»

«ወረቀቱን ያዝ» አለችው።

«ወረቀት ደግሞ! ላንቺ አባት ወረቀት ልይዝ?» ተቆጣ። ሻዩን ጨመረችለት።

በ1971 ጥቅምት፣ በዚያች ቀን፣ ቀጭን ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሁላችንም ነበርን። ሞርቪድ የቀብር ኮቷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ከፊት ቆመች። ኢድዋል ጀመረ። ድምፁ ቀጥኗል፣ በየስሙ መካከል ይተነፍሳል፣ ግን አልተሰናከለም። «ኢቫን ሞርጋን» ሲል ወደሷ አየና ፈገግ አለ፤ አንዱን ብያለሁ፣ ሌላው ይመጣል ማለቱ ነው። እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ቀጠለ። ትንፋሹ እያጠረ ሄደ፣ ግንባሩ ላበው፣ መጨረሻዎቹን ስሞች በግድ ነው ያወጣቸው። «ቶማስ ዋትኪን» አለ።

ቆቡን አወለቀ።

የስንት ዓመት ልማድ ነዋ። ቆቡ ሲወልቅ እኛም እንደ ሁልጊዜው ራሳችንን ደፋን። ጸጥታው ጀመረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያልሰማነው ስም ምን እንደሆነ የገባን ነበርን፤ ጎን ለጎን ተያየን። ሰባኪው ወረቀቱን አየ፣ ኢድዋልን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ምን ነበረ? ለሙታን የተያዘ ጸጥታ ግን በእኛ ዘንድ አይሰበርም፤ ሕፃን እንኳ አፉን ያፍኑታል። ሞርቪድ ከንፈሯ ተከፈተ። አየናት። ከዚያ ገጠመችው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝናቡ ድንጋዩ ላይ፣ በዚያ ነጭ ፊደል ላይ ሲወርድ እያየች ቆመች።

ጸጥታው አልቆ ሰዉ መበተን ሲጀምር ኢድዋል በዱላው እየተደገፈ መጣ። ፊቱ አብርቷል፤ ትልቅ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንዴት ነበር?» አላት። «አልተሳሳትኩም አይደል?»

ሞርቪድ አየችው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ቆቡን ገና አልደፋም፣ ራሱ ላይ ዝናብ ይወርዳል። እኛ በዙሪያቸው የቆምነው ሰዎች ወሬ የምንቀጥል መስለን ጆሯችንን ሰጥተናል። ሌይሳን ከሬሳው ላይ ልታነሣ ያልቻለችው የማርጌድ ልጅ ምን ትበል?

«አልተሳሳትክም» አለችው። «ማንንም አልረሳህም።» ቆቡን ከእጁ ወስዳ ራሱ ላይ አደረገችለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ኢድዋል። «በይ እንግዲህ፣ እዚህ ድረስ ከመጣን አባቴን ሰላም ብለነው እንሂድ።»

ሞርቪድ የውሃ ጣሳውን ከአጥሩ ሥር አንሥታ ተከተለችው።